ለክረምት ኢንተርንሺፕ የምትወጡ ልጆች፣ ሥራ ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ ክረምት ለኢንተርንሺፕ ለሚወጡ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ነው። እግረ መንገዴን ለሚቀበሏቸው መሥሪያ ቤቶችም የምለው አለኝ። ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁም ቢሆን አውጡልኝ። ጊዜው አሁን ነው። ሰኔ ካለፈ በኋላ ብዙው ነገር ያመልጣል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ በሚያስመጣ ድርጅት፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። በየክረምቱ ከአካውንቲንግ፣ ከማኔጅመንት፣ አንዳንዴም ከኢኮኖሚክስና ከሎጂስቲክስ ዲፓርትመንት ልጆች ይመጡልናል። ጎበዝ ልጆች ናቸው። ግን ብዙዎቹ ሁለቱን ወር ጥግ ላይ ባለች ወንበር ተቀምጠው፣ ስልካቸውን ሲነካኩ ይከርሙና በመጨረሻው ሳምንት "ደብዳቤ ይጻፍልን" ብለው ይመጣሉ። ደብዳቤው ይጻፋል። ማኅተም ይመታበታል። ይሄዳሉ። ይህ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። ያ ሁሉ ጉልበትና ጭንቅላት ቢሯችን ድረስ መጥቶ አንድም ሥራ ሳይነካ ይመለሳል።

ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ወደዚያ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ለእናንተ ለተማሪዎቹ በቀጥታ ልንገራችሁ። ሥራ ጠይቁ። ስትጠይቁም ለይታችሁ ጠይቁ። "ምን ልርዳችሁ?" ስትሉ፣ ሥራ የበዛበት ሰው የራሱን ትቶ ለእናንተ የሚሆን ነገር ማሰብ ይኖርበታል፣ ለዚያ ደግሞ ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ "ቆይ እነግርሃለሁ" ይላችሁና ቀኑ ይመሻል። "የሚያዝያን የባንክ ማስታረቂያ እኔ ልሞክረውና እርስዎ ያዩልኛል" ብትሉት ግን እምቢ የሚል ሰው አላየሁም። ማንም ሰው ከጠረጴዛው ላይ ሥራ ሲቀንስለት ደስ ይለዋል።

ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ መጣች። ዝምተኛ ናት። ትንሽ ሰንበት ስትል ግን የባንክ ማስታረቂያ የሚሠራው ባልደረባችን ጠረጴዛ አጠገብ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና "የአንድ ወር ማስታረቂያ ስጡኝ" አለች። ነገሩን ለማታውቁት፣ የባንክ ማስታረቂያ ማለት በእኛ መዝገብ ላይ ያለውን የባንክ ሒሳብ ባንኩ ከላከው ስቴትመንት ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ነው። እኛ ጽፈነው ባለቤቱ ገና ያልመነዘረው ቼክ አለ፣ እኛ መዝግበነው ባንክ ገና ያልገባ ገንዘብ አለ፣ ባንኩ ቆርጦት እኛ ያላወቅነው የአገልግሎት ክፍያ አለ። እነዚህ ሁሉ ሲስተካከሉ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መምጣት አለባቸው። የእሷ አልመጡም። 180 ብር ልዩነት አለ።

ብሩ ትንሽ ነው። "በሚቀጥለው ወር እናየዋለን" ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት ነው። እሷ ግን አላለፈችውም። ባልደረባችን ይህን ሲያይ አንድ ዘዴ ነገራት፦ ልዩነቱ ያለ ቀሪ ለ9 የሚካፈል ከሆነ መጀመሪያ የተገላበጠ ቁጥር ፈልጊ። 180 ለ9 ይካፈላል። የክፍያ ቫውቸሮቹን ከነቼክ ቅጂያቸው አንድ በአንድ እየገለጠች ሄደች፣ በመጨረሻ 4,570 ብር የወጣበት ቼክ መዝገቡ ላይ 4,750 ተብሎ ገብቶ አገኘችው። 5 እና 7 ቦታ ተለዋውጠዋል። የማረሚያ ቫውቸሩን ራሷ አዘጋጀች፣ ኃላፊው ፈረመበት፣ ሒሳቡ ተዘጋ።

ደስታዋን ብታዩት! ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ሰው በስሟ ይጠራት ጀመር። "ይሄን እስቲ እይልኝ" የሚላት በዛ። የሚቀጥለው ወር ማስታረቂያም ለእሷ ተተወ። ከተመረቀች በኋላ ሊቀጥራት ያሰበ ድርጅት ስለ እሷ ደውሎ ሲጠይቀኝ የምናገረው ብዙ ነበር፣ ቁጥር እስኪገጥምላት የማትለቅ ልጅ ናት አልኩ፣ 180ዋን ብርም አነሳሁለት። ጥግ ላይ ስለከረመው ልጅ ቢደወልልኝ ግን ምን እላለሁ? በሰዓቱ ይገባ ነበር ከማለት በቀር የማውቀው የለም።

ስለ ደብዳቤውም እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ቀጣሪዎች ከምረቃ በፊት የተሠራን ሥራ እንደ ሥራ ልምድ አይቆጥሩትም። ማስታወቂያው "2 ዓመት" ካለ ሁለት ወር የኢንተርንሺፕ ወረቀት አይሞላውም። "0 ዓመት" በሚለው ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ሁሉም አመልካች ያንኑ ዓይነት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ልዩነቱ የሚታየው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። "ፒችትሪ (የሒሳብ መሥሪያ ሶፍትዌሩን) ታውቃለህ?" ሲባል "ተምሬያለሁ" የሚለው ልጅና "የክፍያ ቫውቸር አስገብቼበታለሁ፣ ሒሳቡ እንቢ ሲለኝ እንዲህ አድርጌ ነው ያገኘሁት" የሚለው ልጅ እኩል አይሰሙም። ጠያቂው ወዲያው ይለያችኋል። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለተቀመጥኩ አውቀዋለሁ።

ክረምቱ ለሒሳብ ተማሪ ምን ያህል የተመቸ ወቅት እንደሆነ ብዙ ልጆች ልብ አይሉትም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። አብዛኛው የግል ድርጅትም ሒሳቡን የሚዘጋው በዚሁ ነው። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቢሮ የሚገባ ተማሪ መጽሐፍ ላይ ብቻ ያነበበውን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያየዋል። ቆጠራ አለ፣ የእርጅና ቅናሽ ይሰላል፣ ያልተከፈለ ዕዳና ያልተሰበሰበ ገንዘብ ይለያል፣ ኦዲተሮች ይመጣሉ። የግብር ማሳወቂያውም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ (ድርጅት ወይም ዓመታዊ ገቢው ከፍ ያለ ነጋዴ) እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ሒሳቡን አዘጋጅቶ ማቅረብ አለበት። በእነዚህ ወራት የሒሳብ አዋቂና የኦዲት ቢሮዎች ሥራ ይጨናነቅባቸዋል። ደረሰኝ በወር በወሩ የሚለይ፣ የሽያጭና የግዢ ዝርዝር ኤክሴል ላይ የሚያስገባ ሰው ይፈልጋሉ። ትልቅ ባንክ ወይም ስሙ የገነነ ድርጅት ካልሆነ ብላችሁ ደጅ ከምትጠኑ፣ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይዞ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ጋ ሂዱ። እዚያ የብዙ ነጋዴ ፋይል ታያላችሁ፤ ትልቁ ቤት ግን አንድ ዴስክ ላይ ብቻ ሊያስቀምጣችሁ ይችላል።

ቆጠራ ከተባለ ደግሞ "የእኔ ሥራ አይደለም" ብላችሁ አትሽሹ። እጃችሁ ይቆሽሻል፣ መጋዘኑ አቧራ ነው፣ የቀለም ባልዲ ማንሳት አለ። ግን ከንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጋር ቆማችሁ ስትቆጥሩ፣ ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) 46 ባልዲ ብሎ መደርደሪያው ላይ 44 ስታገኙ፣ ሁለቱ የት ሄዱ የሚለውን ጥያቄ ተከትላችሁ ስትሄዱ፣ የውስጥ ቁጥጥር የሚባለው ነገር ያኔ ይገባችኋል። መኪና ቸኩሎ ወረቀት ሳይቆረጥ ወጥቶ ይሆናል። ከሌላ መደርደሪያ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የገባችሁት፣ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ቅጂዎቹ ወዴት ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቁ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ከልቡ ነው የሚያስረዳው።

ደመወዝ ሲሠራም አጠገብ ሁኑ። የሌላ ሰው ደመወዝ ላያሳዩዋችሁ ይችላሉ፣ ትክክልም ናቸው። ግን የሐሰት ስምና ቁጥር ይዛችሁ ራሳችሁ አስሉና አሳዩአቸው። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ። የሥራ ግብሩን ሠንጠረዥ ደግሞ አዲሱን ያዙ፤ ሲኒየሮቻችሁ ባወረሷችሁ ሃንድአውት ላይ ከግብር ነፃ የሚለው 600 ብር ሊሆን ይችላል፣ በ2017 በወጣው ማሻሻያ ግን 2,000 ብር ሆኗል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቢሮ ሳትገቡ አስተካክላችሁ ከመጣችሁ በመጀመሪያው ቀን ትከበራላችሁ።

እኔ የማውቀው የሒሳቡን ነው፣ ስለ ሌላው ብዙ አልናገርም። ቢሆንም የወቅቱ ነገር ለሁሉም ይሠራል። የግብርና ተማሪ ከሆንክ ክረምት ያንተ ነው፤ ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ነው፣ የልማት ሠራተኛው ማሳ ለማሳ የሚዞረው አሁን ነው፣ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደህ አብሬው ልውጣ በል። የሕግ ተማሪዎች ከነሐሴ ጀምሮ ፍርድ ቤቶች በከፊል ዝግ እንደሚሆኑ አስቡና ችሎት ማየት ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ከዚያ በኋላ የጠበቃ ቢሮ ይሻላል። ሲቪል ምሕንድስና የምታጠኑ፣ ዝናብ ሥራ አስቆመ ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። የመሠረት ጉድጓድ ውኃ ሲሞላ ሳይቱ ላይ ምን እንደሚደረግ በበጋ አታዩትም።

አሁን ወደ አገባቡ። ግቢ ሳይዘጋ የትብብር ደብዳቤያችሁን ከዲፓርትመንት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ አውጡ። ብዙ ልጅ አገሩ ከገባ በኋላ ነው የሚያስታውሰው፣ ያኔ ለአንድ ፊርማ ሌላ ጉዞ ነው። ደብዳቤውን በርከት አድርጋችሁ ያዙ። ድርጅቱ ስትሄዱ ጥበቃው በር ላይ ቢያቆማችሁ አትከፉ፣ "ደብዳቤ ላስገባ ነው" በሉት፣ መዝገብ ቤት ግቡና አስመዝግቡ፣ የገቢ ቁጥሩን ጻፉ። ሳምንት ቆይታችሁ ያንን ቁጥር ይዛችሁ ተመለሱ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ከተቻለ ደግሞ ልትሠሩበት የምትፈልጉትን ክፍል ደብዳቤው ላይ አጽፉ፣ ካልሆነ የሰው ኃይል ክፍሉ የተገኘበት ቦታ ይመድባችኋል።

አዲስ አበባ ብቻ ነው ኢንተርንሺፕ ያለው የሚለው አስተሳሰብም ይቅር። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አሉ። እነዚያም ባይኖሩ፣ በየወረዳው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፣ ማዘጋጃ ቤት አለ። እናታችሁ ቤት እያደራችሁ፣ የቤት ኪራይና ታክሲ ሳይከብዳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ አነስተኛ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የአባላት ቁጠባ መዝገብን ከወረቀት ወደ ኤክሴል ያዛወረ ልጅ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ከከረመው በብዙ ይሻላል።

የገንዘቡ ጉዳይ ከባድ ነው፣ አልክደውም። አብዛኛው ኢንተርንሺፕ ክፍያ የለውም። ትራንስፖርትና ምሳ ከቤተሰብ ኪስ ነው። የታክሲ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት "የትራንስፖርት ድጋፍ አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ሙሉ ሳምንት መምጣት ካቃታችሁም ተናገሩ፣ ሦስት ቀን እየመጡ በደንብ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ክረምቱን ሠርታችሁ ለቀጣዩ ዓመት ገንዘብ መያዝ ያለባችሁ ደግሞ፣ ያንን ሥራ አትናቁት። ሱቅ ውስጥ የምትሸጡ ከሆነ የባለሱቁን የዕለት ሽያጭና የዱቤ መዝገብ ያዙለት፣ የካሽ ሬጅስተሩን ዕለታዊ ሪፖርት ከእጅ ገንዘቡ ጋር እያስተያያችሁ ዝጉለት። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከገዢ ተሰብስቦ እንዴት ለመንግሥት እንደሚተላለፍ እዚያው ታዩታላችሁ። ያም ልምምድ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ላይም ያለ ሐፍረት የሚነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኢንተርንሺፕ እናስገባችኋለን ብሎ መመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ ሰው ቴሌግራም ላይ ካገኛችሁ አትክፈሉ። ለመሥራት ብር አይከፈልም።

መውጫ ፈተናውን ሰበብ የሚያደርጉም አሉ። "ክረምቱን ለኤግዚት ላጥና እንጂ ኢንተርንሺፕ ምን ያደርግልኛል?" ይላሉ። ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ከ2015 ጀምሮ ከ100 ቢያንስ 50 ያላመጣ አይመረቅም፣ ቀልድ አይደለም። ግን የሒሳብ ማስተካከያ ምዝገባን በሥራ ላይ የሠራ ልጅ ለፈተናው ሸምድዶ አያድርም፣ ስለገባው ይመልሳል። ጠዋት ቢሮ፣ ማታ ጥናት ይቻላል። ከ2012 ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎች ካሌንደር ስለተዛባም፣ የአንዳንድ ግቢ ዕረፍት ክረምት ላይ አይውልም። እንደዚያ የሆነባችሁ ልጆች ዕረፍታችሁ በወጣ ጊዜ ግቡ፣ ጥር ላይም ቢሆን ሥራ አለ።

ከገባችሁ በኋላ በየቀኑ ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣችሁን ሎግቡክ በመጨረሻው ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ከጭንቅላታችሁ የምትሞሉት ከሆነ ምንም አይጠቅማችሁም። ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ምን አልገባኝም፣ ማንን ልጠይቅ። አራት መስመር ይበቃል። ሪፖርታችሁም ከዚያ ነው የሚወጣው። እስካሁን ያነበብኳቸው ብዙ ሪፖርቶች ግማሽ ያህላቸው የድርጅቱ አመሠራረት፣ ራዕይና ተልዕኮ ነው፣ እሱም ከድረ ገጽ የተወሰደ ወይም ከአምናው ባች የተቀዳ። የእኛን ድርጅት ታሪክ እኛው እናውቀዋለን። እናንተ ምን አያችሁ? አንድ ክፍያ ከጥያቄ እስከ ቼክ ስንት ፊርማ እንደሚያልፍና የት እንደሚቆም ጻፉ። የሚሻል መንገድ ከታያችሁ እሱንም ጻፉ። እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲመጣ ኃላፊዎች ያነቡታል፣ ኮፒም አስቀርተው ነው የሚመልሱት።

ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ጥሬ ገንዘብ አትረከቡ። የሌላ ሰው ፓስወርድ ተሰጥቷችሁ እንኳ ቢሆን በስሙ አትግቡ። "አንተው ፈርምበት" ቢሏችሁ አትፈርሙ። ነገ ችግር ቢመጣ የሚጠየቀው ፊርማው ነው። የድርጅት ሰነድ ፎቶ አንስታችሁ ለጓደኛ አትላኩ፣ ቲክቶክ ላይ "የመጀመሪያ ቀን በሥራ" ስትሉም ከጀርባችሁ ያለው ስክሪን ላይ የደንበኛ ሒሳብ እንዳይታይ።

ለእህቶቼ ደግሞ ለብቻ አንድ ነገር ልበል። ደብዳቤ ለመፈረም፣ ውጤት ለመሙላት፣ "ከሥራ ሰዓት ውጭ እንገናኝ" የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ ያ ሰው እየተጠቀመባችሁ ነው። አትሸማቀቁ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ለአድቫይዘራችሁ፣ ለዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ፣ ለቤተሰብ ወዲያው ንገሩ፣ የላከላችሁን መልእክት አታጥፉት፣ ቦታውንም ቀይሩ። ሌላ መሥሪያ ቤት ይገኛል።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ ተቀባዮቹ ልምጣ። ልጆቹ ጥግ ይዘው የሚከርሙት ስላልጠየቁ ብቻ አይደለም። ብዙ ቦታ ማን እንደሚይዛቸው አይታወቅም። የሰው ኃይል ክፍሉ ይቀበላቸውና "ሒሳብ ክፍል ሂዱ" ይላቸዋል፣ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ማንም አልነገረውም። ከዚያ ፎቶ ኮፒ፣ ቡና ማዘዝ፣ ፋይል ማመላለስ። ፋይል ማመላለስ በራሱ ክፉ አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ቤቱን ያስለምዳል፣ ሁለት ወር ሙሉ ግን ግፍ ነው። የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው ስሙ ይጻፍ። ልጁ ጀምሮ የሚጨርሰው፣ ብትሳሳት ጉዳት የማታመጣ አንድ ሥራ ትሰጠው። ያለፈ ዓመት ያልተስተካከለ ፋይል የሌለው ድርጅት የለም። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ትንሽ ጊዜ ወስዳችሁ የሠራውን እዩለት። የታክሲና የምሳ ወጪውን መሸፈን የምትችሉ ድርጅቶች ሸፍኑ፣ ለአንድ ድርጅት ይህ ከአንድ ስብሰባ የሻይ ወጪ አይበልጥም። ስንቀጥራቸው "ልምድ የላቸውም" እያልን የምናማርረው እኛው ነን፣ ልምዱን ከየት ያምጡት?

ዩኒቨርሲቲዎችም ልጁን ደብዳቤ ሰጥታችሁ ከላካችሁ በኋላ አትጥፉ። መምህር መጥቶ ማየት ካልቻለ ስልክ ይደውል። እኛ ዘንድ ከሚመጡት ልጆች መምህራቸው ደውሎ ስለ ሥራቸው የጠየቀላቸው በጣም ጥቂት ናቸው፣ የተደወለላቸው ልጆች ላይ ግን ተቆጣጣሪውም ሌላ ትኩረት ሲያደርግ አይቻለሁ። ውጤት ስትሰጡም ማኅተሙን ብቻ አይታችሁ አትሙሉ። ልጁን አስቀምጣችሁ "ምን ሠራህ? አሳየኝ" በሉት።

ለእናንተ ለጋዜጣው ሰዎችም አንድ ልመና አለኝ። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ ተለማማጅ ተማሪ ለሚፈልጉ ድርጅቶች ጥቂት መስመር በነፃ ብትሰጡ ምናለበት? የድርጅቱ ስም፣ ከተማው፣ የሚፈለገው የትምህርት ዓይነት፣ የትራንስፖርት ድጋፍ መኖር አለመኖሩ፣ ይኸው ነው። ክፍለ ሀገር ያለ ተማሪ በር ለበር ከሚንከራተት ከዚያ ላይ ያየዋል። ፈቃዳችሁ ከሆነ የእኛን ክፍል ማስታወቂያ የመጀመሪያው አድርጋችሁ እንድታወጡት አለቆቼን አስፈቅጃለሁ፤ ለዚህ ክረምት ሁለት የአካውንቲንግና አንድ የሎጂስቲክስ ተማሪ እንቀበላለን፣ ትራንስፖርት በእኛ ነው።

አክባሪያችሁ
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ